በታኅሣሥ ብርድ የሞቀው ዲናሞ

አሶሳ፣ ጥር 1961 ዓ.ም.

ውድ ይታየው፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ ኻሚስ ነግሮኛል። ነጋዴው ኻሚስ በኅዳር ከመተከል ሲመለስ፣ ወንበራ ደብረ ዘይት ገበያ ላይ እንዳገኘህ አወራልኝ። ጠጉሩ ሸብቷል አለ። ያርሳል አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መኪና ገዝቶ «ሹፌር ሁነኝ» ቢልህ፣ «እኔ መብራት ረስቼ ሰው የገደልኩ ነኝ፤ መኪና አትስጡኝ» ብለህ መለስክለት አሉ። ኻሚስ ይህን የነገረኝ እንደ ጨዋታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላው እህል ጣዕም የለውም።

መብራት አልረሳህም። የማስጽፈው ይህን ለማለት ነው። ግን ቃሌን ብቻ ይዘህ እመነኝ አልልህም፤ አንድ ጊዜ አምነኸኝ የሆነውን አይተሃል። ከነምክንያቱ ልንገርህ።

ፊደል እንደማላውቅ ታውቃለህ። የምትጽፈው ኢቲዳል ናት፤ ልጄ ጣሂራ በዚያ ቀን የወለደቻት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ገበያ ውስጥ ሌላ ጸሐፊ አለ። እሷ እንድትጽፈው የፈለግሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ልነግራት ዐሥር ጊዜ ጀምሬ ዐሥር ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቻለሁ። አሁን ግን ለአንተ ስናገር እሷም ትሰማለች። «የምልሽን ጻፊ፤ አታሳምሪው» ብያታለሁ። «እሺ ጂዲ» ብላለች። ጂዲ በእኛ አያቴ ማለት ነው፤ ረስተኸው እንደሆነ።

የተወለድኩት በ1900 ገደማ ነው ይላሉ፤ ማን ጽፎት። በጎረምሳነቴ ሱዳን ወርጄ ሮሴሪስ እንግሊዞች ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ስመለስ ከኩርሙክ እስከ በምባሲ የሞተር ሕመም ሰምቶ የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራት ነው፤ አልደብቅም። «ኡስታ» ይሉኝ ነበር፤ በሱዳኖች አነጋገር የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። አንተም ኡስታ ትለኝ ነበር።

አንተ የመጣኸው ከመኪናዋ ጋር ነው። ማህጁብ ያችን አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ሲገዛ ሹፌሯም አብሮ መጣ። እኔ ቤት አረፍክ። ሚስቴ ዓዲላ ከልጇ ሳትለይ አጎረሰችህ። ጣሂራ ወንድሜ አለችህ። አንተ መኪና የተማርከው ከጣሊያን፣ እኔ ከእንግሊዝ፤ በዚህ ስንነታረክ ማህጁብ «እናንተ ሁለት መንግሥታት፣ ታረቁና ጭነቴ ይሂድ» ይለን ነበር።

አሶሳ ቆላ ነው የሚል ሰው በታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ ብረት ነክቶ አያውቅም። በዚያ ወር መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እምቢ አለች። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ዝም። አንተ «ብርዱ ነው» አልክ። እኔ፣ ብርድ ባትሪ አይገድልም፤ ሊሞት የተቃረበውን ያጋልጣል እንጂ አልኩህ። መብራት አብራና ሞተሪኖውን ጥራው አልኩህ። መብራቱ አብሮ ከሞተ የደከመው ባትሪው ነው። መብራቱ እንደ ደመቀ ከቆየ በሽታው ከሞተሪኖው ነው። መብራቱ ሞተ። ከዚያ ዲናሞው ባትሪውን መመገብ ትቶ እንደሆነ ብለን የሚያዞረውን ቺንጋ አጠበቅን፤ ካርቦኑን አውጥተን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግን። ዲናሞው ደህና ነበር። ባትሪው ነው ያረጀው። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ማህጁብ ከኩርሙክ አዲስ ባትሪ በአህያ አስመጣ። ከሰዓት በኋላ ነው የገጠምኩት። ባትሪ ሁለት ራስ አለው፤ አንዱ ላይ መስቀል ተቀርጿል፣ ሌላው ላይ ሰረዝ። ባልማርም ያን እለያለሁ። ሮሴሪስ የያዝኩት ሕግ አንድ ነው፤ ባለመስቀሉ ራስ ከመኪናው ገላ ጋር ይታሰራል። እንግሊዞቹ እንደዚያ ነበር የሚያስሩት። አንተ እጄን ያዝከኝ። «ኡስታ፣ የዚችኛዋ ተቃራኒ ነው። ከገላዋ የሚታሰረው ሰረዙ ነው» አልከኝ።

ዙሪያውን ሰው ቆሟል። ማህጁብ አለ፣ የጣሂራ ባል ረጀብ አለ፣ ከገበያ የመጣም አለ። «አንተ ክርስቲያን ነህ፤ መስቀሉን ከፍ ማድረግ ትወዳለህ» አልኩህ። ሰው ሳቀ። አንተም ሳቅህ። እጅህን አነሣህ።

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ባትሪውን በየትኛውም በኩል ብታስረው ሞተሪኖው እንደሚዞር ያኔ አላውቅም ነበር። ከተነሣች ትክክል ነኝ ብዬ አመንኩ። አንተ ግን መሪው ፊት ያለችውን ቀስት፣ ባትሪው ሲጠግብና ሲራብ የምትናገረውን ታያለህ። «ኡስታ፣ ቀስቷ ወደ ረሃቡ ወደቀች» አልክ። አዲስ ባትሪ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል አልኩህ። ሁለት ጊዜ ነግረኸኛል። ሁለት ጊዜ። ሲመሻሽ መብራት አብርተህ ከቆርቆሮው መጠለያ አስገብተህ አቆምካት።

ያን ማታ ጣሂራን ምጥ ያዛት። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ስንወጣ አዋላጇ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ጉልበቷ አልቋል፣ ልጁ አልወርድ ብሏል፣ ሐኪም ፈልጉ አለች። ሐኪም ያለው ከመንዲ ማዶ ነው። የቀን መንገድ።

ቁልፉን አዞርክ። ጠቅ እንኳ አላለችም። ጡሩምባው ዝም። መብራቱን ሞከርከው፤ የሚጠፋ ፍም መሰለ። በእጅ የሚዞረውን ማኒቬላ አስገብተህ እስኪያልብህ አዞርክ። ባትሪው ባዶ ሲሆን ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ የለም፤ ብታዞር ብረት ማዞር ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ገፋ። ምንም።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። ሞተሩ እንደ መቃብር ድንጋይ ቀዝቅዟል። ባትሪው ቀዝቅዟል። ዲናሞውን ነካሁት። ሞቋል።

ሌሊቱን ሙሉ በቆመ መኪና ላይ አንድ ብረት ሞቆ ካደረ፣ ባትሪውን ሲበላ ያደረው እሱ ነው። ጎኑ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ከፈትኩ። ውስጧ ሁለት ትንንሽ ምላሶች አሉ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ተላቅቀው መንገዱን ለባትሪው ይዘጉለታል። ቀልጠው ተጣብቀዋል። ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር እንዲህ ያደርጋል። በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ገባኝ። አንተ ትናንት ያልከው ሁለቱም ገባኝ።

ማህጁብ «ምኗ ነው?» አለ። ረጀብ ፍራሽ እንደተሸከመ ቆሟል። ዓዲላ ደጃፍ ላይ ናት፤ ከኋላዋ የጣሂራ ድምፅ ይሰማል።

«መብራቱ ሲበራ አድሯል» አልኩ። «ይታየው ሳያጠፋው ሄዷል።»

«አጥፍቻለሁ» አልክ። ከዚያ ፊቴን አየህ። ማብሪያውን ከጠዋቱ ስንት ጊዜ ስለነካኸው የማታውን የሚመሰክርልህ የለም። «አጥፍቻለሁ መሰለኝ» አልክ።

ከገዛ እጅህ ይልቅ እኔን አመንክ።

እዚህ ላይ ኢቲዳል ብዕሩን አስቀመጠች። ወደ ውጭ ወጣች። ጠበቅኳት። ተመልሳ ተቀመጠችና «ቀጥል» አለች። ጂዲ አላለችም።

በበምባሲ መንገድ፣ በእግር የሁለት ሰዓት ያህል ርቆ፣ ዘንጉ ተሰብሮ የቆመ የሱዳን ካሚዮን ነበር። ማንም ሳይልክህ ሮጥክ። አንተ ስትሄድ እኔ የተጣበቁትን ምላሶች በቢላ አላቀቅሁ። በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ የዚያን ካሚዮን ባትሪ በትከሻህ ተሸክመህ ደረስክ። አሲዱ ሸሚዝህን በልቶ ሥጋህን አቃጥሎታል። ሂድ ውሃ ጠጣ ብዬ አራቅሁህ። በጀርባዬ ከልዬ ሰረዙን ከገላዋ አሰርኩ፤ አንተ እንዳልከው። ተነሣች።

አንተ ነዳህ። ከበምባሲ ስናልፍ ኢቲዳል ተወለደች። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። አዋላጇ ያላትን ጨርቅ ሁሉ ጨረሰች። ጣሂራ ውሃ ጠየቀች፤ ሰጠኋት። ከዚያ አልጠየቀችም። የቀረን መንገድ አራት ሰዓት ነበር። ጠዋት ያጠፋነው አምስት ሰዓት ተኩል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ለመሥራት ፊደል አይጠይቅም።

አላለቀስኩም። ሰው ብርቱ ነው አለኝ። ብርታት አልነበረም። እንደ ቀዘቀዘ ብረት ነበርኩ፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ከፋኝ ብል እዋሽሃለሁ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ማህጁብ ቁልፉን ተቀበለህ። ረጀብ እግርህ ሥር ተፋ። ዓዲላ «ያጎረስኩህ እጅ ይድረቅ» አለች። አንተ እኔ ዘንድ መጥተህ ቆምክ፤ አንድ ነገር እንድል ስትጠብቅ ዐወቅሁብህ። «መንገድህን ያቅናልህ» አልኩህ። ትከሻዬን ስመህ ዐባይን ከሚሻገሩ ነጋዴዎች ጋር ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና አስነሥቻለሁ። ኡስታ ማለታቸውን አልተዉም። ዓዲላ ስምህን ሳትጠራ ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖረች፤ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ዕርግማኗ ወደ ባለቤቱ ይዞር ነበር። አልተናገርኩም። ለምን ብትል፣ ለቤቴ ሰላም ብዬ ነው አልልህም። «ተሳሳትኩ» የሚለውን ቃል አፌ አልለመደውም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ብትከለክለኝ እውነት አለህ፤ ብትሰጠኝም የት እንደማኖረው አላውቅም። አንድ ነገር ግን እንደ ኡስታህ አዝዝሃለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው፤ የሰውየውን መኪና ተቀበልና ንዳ። ያን ቀን ከነበርነው ሁሉ ያልተሳሳትከው አንተ ብቻ ነህ።

ኻሚስ ቅዳሜ ወደ መተከል ይነሣል። ይህ ወረቀት እጁ ከመግባቱ በፊት፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቤቴ ውስጥ ይነበባል፤ ዓዲላ ባለችበት፣ ረጀብ ባለበት። ማህጁብ ሞቷል፤ ልጆቹን አስጠራለሁ። ያን ጠዋት ስዋሽ ከሰሙኝ በሕይወት ያሉት ሁሉ ይስሙ። ይህን በአላህ ስም ቃል ገብቻለሁ፤ ኢቲዳል ምስክር ናት።

ፊርማ የለኝም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳርፌያለሁ።

ዐብዱልቃድር

ጋሼ ይታየው፣ ይህን የምጨምረው እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም። እንደነገረኝ ጽፌያለሁ፣ ያሳመርኩት የለም። ዓርብ ተነበበ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አያቴ ዓዲላ እስኪያልቅ ሰምታ ተነሥታ ጓዳ ገባች። አባቴ ረጀብ ወንበራ በእግር ስንት ቀን እንደሚወስድ ኻሚስን ጠይቆታል። ሲነበብ ጂዲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። በርጩማ አቅርቤለት ነበር፤ አልተቀመጠም።

ኢቲዳል ረጀብ