መመለሷን ተናግሬ ነበር?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሰበታ ዛሬም መብራት የለም። ለሁለት ጥንዶች የትዳር ምክር ሰጠሁ። አንደኛዎቹ ሲጨቃጨቁ መጥተው ሲጨቃጨቁ ሄዱ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰውዬ ወረቀት አስፈርሞኝ ወጣ። በኦሮምኛ የተጻፈ። አምስት ዓመት እዚህ ኖሬ ከሰላምታው ከ«አካም» አላለፍኩም፣ አያሳፍርም? ጎረቤቴ መብሩካ፣ ባለፋርማሲዋ፣ አነበበችልኝ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሳማክራቸው የነበሩት ዘርሁንና ብርሃነሽ ፍቺ ላይ ናቸው። የአራት ዓመቷን ጣቢታን እኔ ላሳድግ ይላል ዘርሁን። ሚስቱ ልጇን ጥላ ልትጠፋ እንደነበር የምመሰክርለት ደግሞ እኔ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ነገሩ እውነት ነው። ብርሃነሽ ለብቻዋ የመጣች ቀን ነገረችኝ። ልጅቷን አስተኝታ ዓለም ገና ድረስ ሄዳ የሆሳዕና መኪና ተሳፍራለች። ሳይንቀሳቀስ ወርዳ እየሮጠች ተመለሰች። «ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም» ብላኝ ነበር። እዚሁ ክፍል ይቀራል አልኳት። ታዲያ ዘርሁን ከየት ሰማ? መዝገቤ እንደሆነ ተቆልፎበታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ሁለት ጠበቃ አማከርኩ። አንዱ ዳኛ ከጠየቀሽ ትናገሪያለሽ አለ። ሌላው ሙያዬ አይፈቅድም በይ አለ። የቱን ልስማ? ብናገር ልጇን አስነጥቃታለሁ። ዝም ብል ዝምታዬ ራሱ አዎ ነው። አልሰማሁም እንዳልል መሐላ አለ። ግራ ገባኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እህት አሰጋሽ፣ ያቺ የጸለይንላት እናት እንዴት ሆነች አለችኝ።
ምስጢሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ! ነሐሴ ላይ ጭንቅ ብሎኝ ለጸሎት ቡድናችን የጸሎት ርዕስ ሰጠሁ። አንዲት እህት ልጇን አስተኝታ ሆሳዕና ልትሄድ ተሳፍራ... ጸልዩላት። ስም አልጠራሁም። ይበቃል መስሎኝ! አሰጋሽ በቅንነት ገላን ላሉት ጸላዮች በቴሌግራም ላከችው። ዘርሁን የሚሠራውም የሚጸልየውም ገላን ነው፤ ከእኔ ቡድን መምጣቱን ሰምቶ ሳይገጣጥመው አልቀረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ትል ነበር እናቴ።
መመለሷን ተናግሬ ነበር? አላስታውስም። እንዴት አላስታውስም?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ብርሃነሽ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ምስጢሯ ከእኔ እንደወጣ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ብቻ «ፈቅጃለሁ፣ ተናገሪ» አለች። «መመለሴንም ግን ተናገሪ።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
መሰከርኩ። መጀመሪያ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ቀጥሎ መሄዷንና መመለሷን። አስተርጓሚው «ሮጣ ተመለሰች» የሚለውን ሁለቴ አስደገመኝ። ዳኛዋ ውሳኔ እስኪሰጥ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትቆይ አሉ። ቀጠሮው ለኅዳር ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እንጃ።
ውጭ አግዳሚው ላይ ከብርሃነሽ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምክር ሌላ ቦታ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር እንዲህ አለች፦
«የጸሎቱ መልእክት እኔም ጋ ደርሶ ነበር፣ እህት ኢየሩስ። ልጇን ጥላ ሄደች ነው የሚለው። ሴትየዋ እኔ አልመሰለችኝም፣ እኔማ ተመልሻለሁ። ሦስት ቀን ጾሜ ጸለይኩላት።»