በጸጸራት ስላለው ባለ አሥራ አራት መስኮት ቤት

በጸጸራት በታላቁ ቪላ ውስጥ ለሚገኘው፣ በበሩ ላይ ስም ላልተጻፈበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ
አስመራ፣ ግንቦት 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ስምዎንና ማዕረግዎን ማወቅ እንደኔ ላለ ሰው ስላልተፈቀደ፣ በደፈናው «ክቡር» ብዬ መጀመሬን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤቱ ወፍራም ግንብ ነውና በክረምት ይበርዳል፤ ምድር ቤቱማ በበጋም አይሞቅም ይላሉ ያዩት፤ እግዚአብሔር ከብርዱ ይሰውርዎ። አማርኛዬ የትምህርት ቤት አማርኛ ነውና ከጎረበጠዎ ይቅር ይበሉኝ፤ በእናታችን ቋንቋ የተጻፈ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ደጃፍ እንደማያልፍ ከተነገረን ወዲህ ሁላችንም በርትተን እየተማርን ነው።

ተወልደመድኅን ወልደኣብ እባላለሁ፤ የሥዕል መምህር ነኝ፣ የምኖረውም ዓኽርያ ነው። የቆዩ ቤቶችን ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ ሱስ የለብኝም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኛዬ ከተስፋሚካኤል ጋር ከተማውን በእግር እናዳርስ ነበር። ተስፋሚካኤል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጄሶ ጌጥ የሠራ ለሳኝ ነው፤ እኔ ቤቱን ከውጭ ሳደንቅ፣ እሱ ከልስኑ ሥር ያለውን ይነግረኛል። ከሁሉ አብልጠን የምንወደው አሁን እርስዎ ያሉበትን ቪላ ነበር። በየመስኮቱ ራስ ላይ ያለውን የወይን ዘለላ ተስፋሚካኤል በወጣትነቱ በገዛ እጁ ሠርቶታል። መስኮቶቹ አሥራ አራት ነበሩ፤ ፀሐይ በቤት ጊዮርጊስ በኩል ብቅ ስትል ግማሾቹ በአንድ ጊዜ ይበሩ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ባለፈው መስከረም ሲገባበት፣ ቤቱ ጠባቂ አገኘ ብለን ተደስተን ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ መስኮቶቹን ስላስደፈኑልን አመሰግናለሁ። አሥራ አንዱ በብሎኬት ተዘግተው ሦስት ቀርተዋል። ብርሃን የማይፈልግ ሥራ በዚህ ከተማ መኖሩን አናውቅም ነበር።

፪ኛ፤ ማየት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ ወር ከመንገዱ ማዶ ተቀምጬ የቤቱን ፊት ስስል፣ ሁለት ሰዎች ከጂፕ ወርደው ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ቤቱን አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ስለሚያምር ብዬ መለስኩ፤ ቃሌንም ጻፉት። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ «ያምራል» የምትለዋን ቃል እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈ ተማሪ አላጋጠመኝም። ከዚያም የሥዕል ደብተሬን ይዘው ሄዱ። እኔ ነገሩን ልተወው ነበር፤ ተስፋሚካኤል ግን ተቆጥቶ፣ ሳይነግረኝ በማግስቱ ከበራችሁ ሄደ። «ሰውዬው የሣለው የእኔን ሥራ ነው፣ ይህን ቤት ከምድር ቤቱ እስከ ጣራው የለሰንኩት እኔ ነኝ፣ ደብተሩን መልሱለት» ብሎ ተከራከራቸው። ደብተሩ አልተመለሰም። የእሱ ስም ግን ተመዘገበ።

፫ኛ፤ የተስፋሚካኤልን ሙያ ስላልረሱበት አመሰግናለሁ። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ምድር ቤቱን የሚያውቅ ሰው ተፈልጓል ተብሎ ተጠራ፤ ዘጠኝ ቀንም ሠራ። በሚቀጥለው እሑድ አብረን ስንሄድ አንድም ቤት ቀና ብሎ አላየም። ከፌርማታው አጠገብ ስንደርስ ምን እየሠራህ ነው አልኩት።

«ክፍል እየሠራሁ ነው፤ ሰው የሚቆምበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ እንደማይመለስ ነገረኝ፤ ሰኞም አልሄደም። ማክሰኞ ጠዋት ጂፑ ከቤቱ ደጃፍ ድረስ መጣለት። ሰዎቹ በጣም ትሑት ነበሩ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ራሳቸው ተሸከሙለት። ይህ የሆነው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ጾሙን ከቤቱ ሰው ጋር አልፈታም።

ባለቤቱ ወይዘሮ ርግበ በየቀኑ ምሳውን ይዛ ከበራችሁ ትቆም ነበር። አሥራ ስምንት ቀን የምሳ ዕቃው ባዶውን፣ ታጥቦ ተመለሰላት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እንደ ሞላ ተመለሰ። ዘበኛው፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንገቱን መድፋት የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ ስሙን አልነግርዎትም፣ ጫማ ጫማውን እያየ እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም። አይምጡ።»

ከአራት ቀን በኋላ አንድ መልእክተኛ የመሣሪያ ቦርሳውን ከአንድ ወረቀት ጋር አመጣላት። ወረቀቱ ተስፋሚካኤል ሥራውን ጨርሶ በሰላምና በጤና ከወጣ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ይናገራል፤ እንድትፈርም ተጠየቀች። ርግበ ከመፈረሟ በፊት ቦርሳውን ከፈተች። በሚለስንበት በመለሰኛው ላይ ሲሚንቶ ነበረ። በአውራ ጣቷ ስትነካው ጣቷ ገባበት፤ ገና እርጥብ ነው። ባሏ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን መሣሪያውን ሳያጥብ አስቀምጦ አያውቅም። ወረቀቱን አጣጥፋ ለመልእክተኛው መለሰችለት።

«ያቆሸሸው እሱ ነው። መጥቶ ይጠበውና ያኔ እፈርማለሁ» አለችው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከበርዎ መጥቼ፣ ሦስት ጊዜም እንዲህ የሚባል ሰው ከነጭራሹ እንደማይታወቅ ተነግሮኛል። ለደብተሬ ብሎ ባይሄድ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ስሙን ባላወቁት ነበር ብዬ ለርግበ ሄጄ ነገርኳት። አውቃለሁ አለችኝ፤ ሻሂም ቀዳችልኝ። ቢሰድበኝ የሚሻለኝ ሰው እንዲህ ሲያስተናግደኝ ምን እንደሚሰማኝ ለእርስዎ ማስረዳት ከአማርኛዬ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ይቅር፣ መስኮቶቹም እንደ ተደፈኑ ይቆዩ፣ ሰውየውን ይመልሱልን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ትሕትናዎና ቤታችንን ከእኛ ከራሳችን ዓይን ሳይቀር ስለ መጠበቅዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ተወልደመድኅን ወልደኣብ

ይድረስ ያልኩትን ከፈረምኩ በኋላ፦ ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣ፣ ለቤተ ክህነትና ለከተማው ግንበኞች ሁሉ ስለ ተላከ፣ ጸሐፊውን ለማግኘት ጂፕ ልከው ቤንዚን እንዳያባክኑ። በሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ራሴ ከበርዎ እመጣለሁ፤ ትምህርቱንም ለባልደረባዬ አስረክቤያለሁ። ከማዶው መንገድ ወይዘሮ ርግበ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ትቆማለች፤ አርባ ሦስት ናቸው። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በበሩ የገባውን ሰውና የወጣውን መቁጠር ግን ሁሉም ይችላሉ።