ለም አፈር ስላልተገኘባቸው ስምንት አውድማዎች

«በፕሮጀክቱ ክልል ውስጥ ተገፎ ሊቀመጥ የሚችል ለም የላይ አፈር ባለመኖሩ፣ የአፈር ማንሻና ማቆያ ዕቅድ ማዘጋጀት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ይህም በገለልተኛ ባለሙያ ተገምግሞ ተቀባይነት አግኝቷል።»
(ከጽሕፈት ቤትዎ የፈቃድ ውሳኔ፣ ገጽ 31)

መርሳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የማዕድን ፈቃድ ሰነዶች መርማሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ለወገብዎ በተለይ እጸልያለሁ፤ ከወንበር ሳይነሡ የአንድ ቀበሌ አፈር መመርመር ወገብ እንደሚጎዳ እገምታለሁና። እኔ የመርሳ ከተማ ነዋሪ ስሆን በአፈር ጥናት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለፈቃዱ ያመለከተው ድርጅት ያቀረበውን የአፈር ጥናት እንድገመግም በጽሕፈት ቤትዎ የተመደብኩት፣ ከላይ የተጠቀሰው «ገለልተኛ ባለሙያ» እኔ ነኝ። ጥናቱን መቀበሌን ያወቅሁት እንደማንኛውም መንገደኛ ውሳኔው ግራና በምትባለው ቀበሌ ገበያ አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳነብ ነው። የራሴን ሐሳብ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። አመልካቹ ድርጅት በግራና አካባቢ ያለውን ማሳ ለስምንት ዓመት ቆፍሮ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ያወጣል፤ ከዚያም መሬቱን ለገበሬዎቹ «እንደነበረ» ይመልሳል። እንደነበረ የሚመለሰው ግን ቁፋሮው ሳይጀመር ለም አፈሩ ለብቻው ተገፎ፣ ለብቻው ተከምሮ፣ በመጨረሻ ተመልሶ ከላይ ሲለብስ ነው። አፈር የለም ከተባለ ዶዘሩ ሁሉንም በአንድነት ገፍቶ ከድንጋይ ፍርስራሽ ሥር ይቀብረዋል፤ ገበሬውም ከስምንት ዓመት በኋላ የሚረከበው ፍርስራሹን ነው። ዶዘሩ የሚገባው ግንቦት 4 ቀን ነው። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከሰነድዎ ተረድቻለሁ።

1. በጥናቱ አባሪ ላይ የተመዘገቡትን ዘጠኝ የናሙና ጉድጓዶች በጂፒኤስ እየተከተልኩ አንድ በአንድ በእግሬ ደርሼባቸዋለሁ። ስምንቱ የተቆፈሩት አውድማ ላይ ነው። ዘጠነኛው የአጥኚዎቹ መኪና በዞረበት ቦታ ላይ ነው። አውድማ ማለት፣ ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ከሆኑ፣ ገበሬ ጤፉን በበሬ የሚያበራይበት፣ ላዩ ተፍቆ የተደለደለ፣ በየዓመቱ በእበት የሚለቀለቅና ከአባት እስከ ልጅ ሲረገጥ የኖረ መሬት ነው። እዚያ ላይ መሰርሰሪያው ከስምንት ሳንቲ ሜትር በታች አልወርድም ቢል፣ በዚህ ጥናት ውስጥ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው።

2. ጥናቱ በገጽ 12 «ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥቁር ቡናማ፣ በብስባሽ እጅግ የበለጸገና የጭድ ቅሪት የሚታይበት ስስ ንጣፍ» መገኘቱን ይገልጻል። ይህ እበት ነው። አጥኚዎቹ በላስቲክ አሽገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ አዲስ አበባ ድረስ ልከው አስመርምረውታል። ላቦራቶሪው ላሳየው ትዕግሥት ምስጋናዬ ይድረሰው።

3. አውድማው ለምን እንደተመረጠ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። አራተኛው ጉድጓድ ያለው በወይዘሮ ቡርቱካን አውድማ ላይ ነው። ወይዘሮ ቡርቱካን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሁለት ጥማድ መሬት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው እናት ናቸው። የካቲት ላይ መሬት የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ ሲባሉ፣ ውቂያ ያለቀበትን አውድማ ጠርገውና እንደገና ለቅልቀው፣ የእንግዶቹን ጫማ አቧራ እንዳይነካው ብለው እዚያ ተቀበሏቸው። ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው አደረጉ። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ የሚሰጠው ካለው ቦታ ሁሉ ንጹሑ ነው፤ አጥኚዎቹም የተሰጣቸውን ቦታ ቆፈሩ። ማሳው ከዚያ አርባ እርምጃ ይርቅ ነበር።

አርባውን እርምጃ እኔ ሄድኩ። ወይዘሮ ቡርቱካንን አስፈቅጄ ከጎረቤታቸው ከአቶ ሲራጅ ጋር ማሳቸው መካከል ቆፈርን። ድንጋይ ያገኘነው አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ጥቁር የዋልካ አፈር ከወረድን በኋላ ነው። አቶ ሲራጅ ወገባቸው ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳሉ ጥናቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። «አጃኢብ ነው ጋሼ፤ ለካ ያለ አፈር ነው ስናርስ የኖርነው። እስቲ ዶማውን ያቀብሉኝ፣ ከሌለው አፈር ትንሽ ልጨምርልዎት» አሉ። አቀበልኳቸው።

4. ይህንን ሁሉ በአሥራ አራት ገጽ ጽፌ፣ ከፎቶግራፍና ከልኬት ጋር፣ ወልድያ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ለመዝገብ ቤትዎ በእጄ አስረከብኩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ጥናቱ ውድቅ ሆኖ እንደገና ይሠራ» የሚል ነበር። ከመዝገብ ቤት እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ ባለው መንገድ ላይ «ተቀባይነት አግኝቷል» ሆኗል።

ክቡርነትዎ፣ መቆጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ምንም አልተሰማኝም። ሁለት ኪሎ ማንጎ ገዝቼ ወደ መርሳ ተመለስኩ። ማንጎው እስካሁን ከነፌስታሉ በር ሥር ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁጣ ቢፈልጉ ላያገኙ ይችላሉ፤ ምናልባት እርስዎም አውድማው ላይ ቆፍረው ይሆናል።

የምለምነው ጥቂት ነው። ያልሰጠሁት ስምምነት ከውሳኔው ይሰረዝ፤ ጉድጓዶቹ ገበሬዎቹ ባሉበት በማሳ ውስጥ እንደገና ይቆፈሩ፤ የአፈር ማንሻ ዕቅዱ ተሠርቶ እስኪጸድቅ ድረስ ዶዘሩ ይቁም። መልስዎን እስከ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም እጠብቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ ማጽናኛ አልቀበልም።

በሌለ አፈር ላይ ቆሜ፣ በሌለ ስምምነቴ ተጠቅሼ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝንና በራሳችሁ መሰርሰሪያ ቢለካ ስምንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የሚኖረውን አክብሮት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ካሳዬ ይማም
ተቀባይነት ሰጪው ገለልተኛ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ግራና ገበያ አጠገብ ላለው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ቡርቱካን እንግዶቹ ከፍተውት የሄዱትን ጉድጓድ በእጃቸው ደፍነው ለቅልቀውታል። አፈር የለም የተባለው በእሳቸው መስተንግዶ ምክንያት መሆኑን እኔም አቶ ሲራጅም አልነገርናቸውም። ባለፈው ሳምንት፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚያ እንግዶች መቼ ነው የሚመለሱት? ቀድሜ ልለቅልቅላቸው እንጂ» ብለው ጠየቁኝ። የሚመለሱበትን ቀንም ሆነ ይዘውት የሚመለሱትን መኪና ዓይነት የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ በመልስዎ ላይ ለእሳቸው የሚሆን አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። ሄጄ አነብላቸዋለሁ።