በአድናቆት እየደረቀ ስላለው ጃካራንዳ

ለተከበሩ የከተማችን የውበትና የተፈጥሮ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ ከቢሮዎ መስኮት የሚታይ ዛፍ ካለም ጽሕፈት ቤትዎ ሳያውቅበት በሰላም እንዲያረጅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ጃካራንዳ ሥር፣ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ይቅርታ፣ እጽፍ የነበርኩ። በሌሎች ሰዎች ስም ለመሥሪያ ቤትዎ ስንት ጊዜ «በታላቅ ትሕትና» ብዬ እንደጻፍኩ ፈጣሪ ይወቀው፤ በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መልስ እንደማይመጣ ከሙያዬ ስለማውቅ በፖስታ መላኩን ትቼ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌያለሁና ለድፍረቴ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤትዎ «ተፈጥሮን እናድንቅ፣ ተፈጥሮን እንጠብቅ» በሚል መሪ ቃል ውድድር አካሂዶ የእኛን ጃካራንዳ የከተማው ውብ ዛፍ ብሎ ሲሸልመው ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። ይገባዋላ! እርስዎ በሽልማቱ ቀን ከመኪናዎ መውረድ ስላልተመቸዎ እንጂ፣ ሲያብብ ቢያዩት ኖሮ ንግግርዎን እንኳ ይረሱት ነበር። ቅጠሉን ሳያወጣ አበባውን የሚያስቀድም ችኩል ዛፍ ነው፤ አንድ ማለዳ ከቤት ሲወጡ መንገዱ ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ የሚረግጡበት ቦታ ያሳጣዎታል። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት የፍቺ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተኳርፈው ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው ሳለ አበባው ረገፈባቸው፤ ሚስትየው ከራሷ ላይ አራገፈች፣ ቀጥላ ሳታስበው ከባሏም ትከሻ ላይ አራገፈችለት፤ ማመልከቻውም ሳይጻፍ ተነሥተው ሄዱ። ገበያዬን የሚዘጋብኝ ዛፍ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም እወደዋለሁ።

እንዴት እንደኖረም ልንገርዎ። ዝናብ በሌለበት ወራት የሰፈሩ ሰው ሩዝና አትክልት ያጠበበትን ውኃ በየማለዳው በባልዲ ይዞ ወጥቶ ሥሩ ላይ ይደፋል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ እናቴ እኔ ነኝ ትላለች፣ የሰፈራችን አትክልት ሻጭ ደግሞ የጀመረችው ሟች እናቴ ናት ባይ ናት፣ በዚህ ምክንያት ተኮራርፈውም ያውቃሉ። በሰፈራችን አዲስ ተከራይ የመጀመሪያ ባልዲውን እስኪደፋ ድረስ ጎረቤት አይባልም፤ የተጣሉ ሰዎችም ቢሆኑ ባልዲ ይዘው ከዛፉ ሥር ከተገናኙ እንደምን አደርክ መባባል ግዴታቸው ነው። ማንም ሳያዘን ተፈጥሮን ስንጠብቅ የኖርነው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነበር። መሪ ቃል እንደሚያስፈልገው አናውቅም ነበር፤ ላለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

እናቴን ካነሣሁ አይቀር፣ ቤታችን ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ደረጃ መውረድ ካቆመች ቆየች፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ከደጅ የሚታያት ነገር ቢኖር የጃካራንዳው አረንጓዴ ብዥታ፣ ሲያብብም ሐምራዊው ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ የቀራት ዓለም የለም። አደራ፣ ከዚህ በታች ምስጋናዬን ስዘረዝር ይህችን ሴት እንዳይረሱብኝ።

አንደኛ፤ ሽልማቱ በተሰጠ በሳምንቱ ለዛፉ ክብር የሚመጥን መደብ ስለተሠራለት አመሰግናለሁ። ሲሚንቶው ከግንዱ ቅርፊት ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ፈሰሰ፣ በላዩም የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ተነጠፈበት፤ ውኃ የሚገባበት የጣት ያህል ክፍተት እንኳ አልተተወም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ የእናንተ ሥራ ግን ለአረምም መመለሻ ስላልሰጠ ከተረቱም በልጧል።

ሁለተኛ፤ ዛፉ ቅርስ ነውና ታጥሮ ዘበኛ ስለቆመለት አመሰግናለሁ። እኔ ከነጠረጴዛዬ ከጥላው ተነሥቼ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተሰጥቻለሁ፤ ይሁን፣ ለቅርስ ሲባል የማይቻል የለም። ዘበኛው በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ግን በቅርሱ ላይ ፈሳሽ ቆሻሻ የሚደፋ ሁሉ እንዲቀጣ ስለታዘዘ፣ የአትክልት ሻጭዋ እንደልማዷ ካሮት ያጠበችበትን ውኃ ይዛ ስትመጣ ባልዲዋን ይቅርታ እየጠየቀ ነጠቃት። ባልዲው በማስረጃነት መሥሪያ ቤትዎ ታስሮ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ሴትዮዋ ጉዳይ አዋቂ እየመሰልኳት ባገኘችኝ ቁጥር ስለ ባልዲዋ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ገና ስላልተሸለመ በሕይወት መኖሩ አይቀርም እያልኩ አጽናናታለሁ።

ሦስተኛ፤ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ስለተጠመጠመው ባለቀለም አምፖል አመሰግናለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ምክር መሥሪያ ቤትዎን እንደማይመለከት ይገባኛል። ለአዳር ይመጡ የነበሩት ወፎች ሌሊቱ ቀን ቢሆንባቸው ጥለውን ሄዱ፤ ሆኖም በምትካቸው የወፍ ዜማ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ከቅርንጫፉ ላይ ስለተሰቀለልን ብዙም አልጎደለብንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ወፎቹ አብረው ይጠፋሉ፤ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አራተኛ፤ «ዛፍ አትጉዳ» የሚለው ሰሌዳ ግንዱ ላይ በአራት ረጃጅም ምስማር ስለተመታልን አመሰግናለሁ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ጃካራንዳው ዘንድሮ አላበበም። ቅጠል ማውጫው ጊዜ ደርሶ ሲያልፍም ቅርንጫፉ ባዶውን ቀረ። እናቴ ዓይኗ የባሰባት መስሏት ጭንቅ ያዛት፤ መስኮቱን በቀሚሷ ጫፍ ደጋግማ ትወለውላለች። መሥሪያ ቤትዎ ድረስ ሄጄ ጉዳዩን ሳመለክት አንድ ባለሙያ በትሕትና ተቀብለው፣ ዛፉ በሽልማቱ ዕለት ለምለም ተብሎ ስለተመዘገበ እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ ለምለም እንደሆነ አስረድተው ሸኙኝ። ስመለስ ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ሆነልኝና አጥሩን ተሻግሬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ውስጡ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ነው። አልሞተም! እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው፤ ሞቶ ቢሆን አልቅሼ ዝም እል ነበር። በሕይወት ያለን ነገር፣ ውኃ በየቤታችን ሞልቶ፣ እጃችንን አጣጥፈን ሲጠማ ማየት ግን እንዴት እንደሚያደርግ እኔ ማመልከቻ ጸሐፊው ልጽፍልዎ አልቻልኩም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ተሸላሚውን ዛፍ ሊጎበኙ እንግዶች ከሌላ ከተማ እንደሚመጡ በተሰማ ማግሥት ሠራተኞችዎ መሰላል ተሸክመው ደረሱና፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የፕላስቲክ ቅጠል በሽቦ እያሰሩ ዋሉ። የጃካራንዳ ቅጠል እንደ ላባ የደቀቀ ነው፤ የታሰረለት ግን መዳፍ የሚያህል ወፍራም ቅጠል ነው፣ ከምን ዓይነት ዛፍ እንደተቀዳ ዘበኛውም እኔም አላወቅነውም። እንግዶቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከመሥሪያ ቤትዎ ብዙ ተምረናል ብለውም ሄዱ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ስሜን እየጠራች ቀሰቀሰችኝ። ለመለመልኝ፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ቅጠሉማ ዘንድሮ ወፍሯል፣ አለች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ እንዳስጠጋላት አደረገች። ከዚያም ይህን ዛፍ የተንከባከበው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ልትመርቀው ነው። ምን ልበል? የስንቱን ብሶት በሚያምር ቋንቋ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ለእናቴ አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር አጣሁላት። የእርስዎን ስም ነገርኳት። እጁን ከቁርጥማት ይጠብቀው፣ ዘሩ ይለምልም፣ ብላ መርቃዎታለችና ምርቃቱን ሳልሸራርፍ አደርሳለሁ።

የምለምነው ትንሽ ነው። አምፖሉም ይኑር፣ የድምፅ ማጉያውም ወፍ ይዘምር፣ አጥሩም ይቁም። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ሲሚንቶ ብቻ ተሰብሮ አፈር ይታይ፣ የአትክልት ሻጭዋም ባልዲ ይፈታ። የቀረውን ሰፈሩ ያውቅበታል። ፈቃድ ሳይኖር ሴራሚኩን መስበር እንደሚያሳስር ስለተነገረን አንዳችንም አልደፈርንም፤ ፈሪዎች ነን፣ ዛፉ የተማመነው እኛን ነበር፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖችም፣ ደጃችሁ ላይ ዛፍ ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ውኃ አጠጡት፣ ሥሩን አየር አስነኩት፣ ልጆቻችሁም ግንዱን ይደባብሱት። ውበቱንም አድንቁ፤ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ መሥሪያ ቤት እንዳይሰማ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ጥላ ለምጄ ፀሐይ ስለከበደኝ፣ ሽልማት ሲሰጠን ውኃ በመመኘቴም ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጃካራንዳው ደግሞ ቢያንስ እስከ መጪው ዝናብ የሚያደርሰውን ያህል የምመኝ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከፖስታ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣
የቀድሞው የጥላው ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ማታ ቤት ገብቼ ጽፌ ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው ሳወጣ ነፋስ ተነሣ። የእናቴ ዓይን ቢደክም ጆሮዋ አልደከመም። ጥቂት አዳመጠችና፣ ከመስኮታችን ሥር ያን ሁሉ ፌስታል የሚያራግፈው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ቤታችን ከፖስታ ቤቱ ማዶ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነውና ጎራ ብለው ቢነግሯት ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ስምዎን በሩ ላይ ሆነው ቢጠሩ ይበቃል፣ በየማለዳው በጸሎቷ ስለምታነሣው ወዲያው ታውቅዎታለች።