ስሟን ሲጠይቁኝ

ቢቸና፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የባሌ እህት ዛሬ አራስ ልትጠይቅ ከሞጣ መጣች። ልጄን አቅፋ ስሟን ጠየቀችኝ። «አንጓች» ስላት ፊቷን ቋጠረች።

«የባልቴት ስም እኮ ነው። ነገ ትምህርት ቤት ገብታ ሲስቁባት ምን ልትያት ነው?»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የስም ዝርዝር ታነብልኝ ጀመር። የራሷን ወንድ ልጅ ስም ከተከታታይ ፊልም ለቅማ ነው ያወጣችው። አባቱ መጥራት ስላቃተው እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ይለዋል፤ ልጁም አቤት የሚለው ለዚሁ ነው። እንግዲህ መካሪዬ ይቺ ናት።

አብራት የተቀመጠችው ጎረቤታችን ደግሞ ሐዘን የደረሰብኝ ይመስል «አይዞሽ፣ ለክርስትናዋ ጥሩ ስም ይወጣላታል» ብላ አጽናናችኝ። የበሉት ገንፎ እንኳ አላሳፈራቸውም።

አንጓች የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። አስተምራ ለደመወዝ ያበቃችኝ እሷ ናት። ይህን አልነገርኳቸውም። ለእነሱ ማስረዳት ራሴን ማዋረድ መሰለኝ።

እነሱ እንደወጡ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ከደብረ ማርቆስ ደወለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለኝ በኋላ «ማን አላችኋት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገና አላወጣንላትም» አልኩት።

ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ አጠገቤ ሆና ልጅቷን እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቀችና ልጄን አነሣቻት።

«ነይ፣ አንጓቼ» አለቻት፣ ሰው እንዳይሰማባት በሹክሹክታ።