በሊንደኗ ምትክ

ዙትፈን፣ ማርች 14 ቀን

የኔ ልጅ ማራይከ፣

የቤርገን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጉልበቱ አይደለም። አባትሽን ከሰስኩት።

አትደንግጪ! አንቺ በተወለድሽ ሳምንት የተከላትን የሊንደን ዛፍ ልቁረጣት ብሎ ተነሣ። ሳሎኑን አጨለመችብኝ አለ። ውሸቱን ነው። የብስክሌት ሱቁን አልረከብም ብለሽ፣ ተኳርፋችሁ ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛፏ ለምትታይበት መስኮት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚበላው። "አንተ ሰው፣ ተው" ስለው፣ "ግቢው የኔ፣ ዛፉ የኔ!" ብሎ የመቁረጫ ፈቃድ እንዲሰጠው ለማዘጋጃ ቤት አመለከተ። ማስታወቂያው በሳምንቱ ጋዜጣ ሲወጣ፣ የሚቃወም ካለ በስድስት ሳምንት ውስጥ ያሳውቅ ይላል። ቁጭ ብዬ ተቃውሞዬን ጻፍኩና በፖስታ ላክሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ለአባትሽ የደረሰው ዕለት እራት ላይ ነበርን። "ቪልሚን፣ አንድ ሰው ተቃውሞኛል። አድራሻው ደግሞ... የኛው ቤት ነው!" አለኝ።

"ድንቹን አቀብለኝ" አልኩት።

ማክሰኞ በየብስክሌታችን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። አመልካች እዚያ፣ ተቃዋሚ እዚህ ተብለን ለየብቻ ተቀመጥን፤ የሁለታችንም ዳቦ ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። የዛፍ ጉዳይ ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት። "የግንዱ ዙሪያ መቶ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል" ብላ ጀመረች።

"መቶ አሥራ አራት ነው" አለ አባትሽ።

"በምን አወቁ?"

"በየዓመቱ ኖቬምበር ዘጠኝ እለካታለሁ።"

በልደትሽ ቀን! እነዚህን ሦስት ዓመታትም ጨምሮ። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። እንባዬ መጣ።

ኃላፊዋ ቁጥሩን ጻፈችና፣ "ፈቃዱን ልንሰጥዎ እንችላለን። ደንቡ ግን ምትክ ይተከል ይላል። በምትኳ ምን ይተክላሉ?" አለችው።

አባትሽ ባርኔጣውን አገላበጠ።

"በእሷ ምትክ?" አለ። "በእሷ ምትክ የሚተከል የለም።" ማመልከቻውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ፣ "የገዛ ባሏን የምትከስ ሴት!" ብሎ ሳቀ። ዛሬ ጠዋት ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮታል።

እሱ አይጽፍልሽም፣ ታውቂዋለሽ። ትናንት ግን፣ "ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ ለኖቬምበር ሜትሩን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል" አለ።

"እኔ አለሁልህ" አልኩት።

"አንቺማ ተቃዋሚ ነሽ" አለኝ። ማንን እንደሚጠብቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ዓይኔ።

እናትሽ ቪልሚን