የሌለኝን መሣሪያ ስለ ማስረከብ

ለተከበሩ የጥበቃ ሠራተኞች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ እንዴት ነው? እኔ ከመስኮትዎ ፊት ቆሜ ከመዋሌ በቀር ደህና ነኝ፤ የእግሬ እብጠትም ቢሆን ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ግንኙነት እንዳለው በማስረጃ ማረጋገጥ ስለማልችል አላነሳውም። ይህንን ጽሑፍ በአደባባይ ማውጣቴም ለድፍረት አይደለም፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ብልከው የሚደርሰው ለልጅ ልጅዎ ይሆናል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው።

የአንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ጠባቂ ነበርኩ። ትጥቄ አንገቴ ላይ የምትንጠለጠል ፊሽካ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ሕፃናቱ ተራ በተራ ሲነፏት ኖረው ድምፅዋ ተዘግቷል። ታዲያ መሣሪያ የማይዝ ጥበቃም ቢሆን ፈቃድ ያውጣ የሚል መመሪያ ወጣና ርእሰ መምህርቷ “አባባ፣ ትምህርት እስኪከፈት ቦታዎን እጠብቅልዎታለሁ፤ ፈቃዱን ብቻ ይዘው ይምጡ” አለችኝ። ጠባቂን የሚጠብቅ አለቃ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነውና መንገዱ ጨርቅ የሚሆንልኝ መስሎኝ ወደ እርስዎ ደጅ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ እንዳይረሳብኝ በቁጥር አስፍሬዋለሁ።

፩. ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ እንዴት እንደሚቆም ወንበር ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። የዓይን ምርመራውንም አልፌአለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች አየሁ የምለውን ሁሉ በትክክል እንዳየሁት የራስዎ ሐኪም ምስክሬ ናቸው።

፪. ርእሰ መምህርቷ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጽፍልኝ፣ ያው ልታመሰግነኝ ብላ፣ “ወገቡን ታጥቆ የሚሠራ ሰው ነው” የሚል ቃል ጨመረችበት። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛዎ “ታጥቆ” የምትለዋን በቀይ አክብባ “መሣሪያው የታለ?” አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ኮቴን ገልጬ ቀበቶዬን አሳየኋት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ አውካካ፤ እሷ “አባቴ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው” ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ነፍሳቸውን ይማረውና ወላጆቼ “ወገብህን ታጥቀህ ሥራ” እያሉ ሲመክሩኝ ሕግ ሲያስጥሱኝ እንደኖሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

፫. መሣሪያውን ያስረከብኩበትን ማስረጃ እንዳመጣ ወደ ፎቅ፣ ወደ መሣሪያ ምዝገባ ክፍል ተላክሁ። እዚያ ያሉት ሰውዬ፣ ሐቁን ለመናገር፣ ደግ ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀምጠውኛል። “ጌታዬ፣ ያልተመዘገበ መሣሪያ እንዴት ልረከብዎ? ቢኖርዎት ኖሮ ዛሬውኑ እጨርስልዎ ነበር እኮ” አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው። እንግዲያው እንደሌለኝ ይጻፉልኝ ብላቸው፣ ስለሌለ ነገር መጻፍ በሥልጣናቸው ውስጥ እንደማይገባ አስረዱኝ። ስለዚህ በእርስዎ ዘንድ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ባዶ እጁን መሆኑ የሚታወቅለት አስቀድሞ ጠመንጃ የገዛ እንደሆነ ነው። ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግራት “በል እንግዲህ፣ የወጥ ቤቱን ቢላ እንዳትነካብኝ፤ ሽንኩርቱንም እኔው እከትፋለሁ” ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን አዙራ በእጅጌዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ዓይኔ ደህና መሆኑን ከላይ ጠቅሻለሁ።

፬. ርእሰ መምህርቷ ማስረጃውን እንደገና ጻፈችልኝ፤ አሁንስ ማንም አይሳሳትም ብላ “ምንም ያልታጠቀ” አለች። ሠራተኛዎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ “ያኔ ታጥቀዋል፣ አሁን አልታጠቁም፤ ትጥቅ የፈቱት መቼ ነው?” ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ “ማታ ማታ፣ ልተኛ ስል” አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው! ቃሌ ተጻፈ፣ “ማታ ማታ” ከሥሩ ተሰመረበት፣ ጉዳዬም ለኮሚቴ ተመራ።

፭. ኮሚቴው ስብሰባ ስለሚበዛበት አይሰበሰብም።

በዚህ መካከል ትምህርት ተከፈተ። ርእሰ መምህርቷ ደውላ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ አልፈረድኩባትም፣ ያለ ፈቃድ ብታሠራኝ በሩ የሚታሸገው የእሷ ነው። ፈቃድ ያለው ወጣት ቀጠረች። እኔ ግን ቤት መቀመጡ አላስቻለኝምና በማግስቱ በዚያ በኩል አለፍኩ። ጠዋት ጠዋት የጫማዋን ክር የማስርላት አንዲት ሕፃን በአጥሩ ፍርግርግ አየችኝና “አባባ፣ ለምን ውጭ ቆምክ? ግባ እንጂ!” አለችኝ። ክሯ ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። እጄን በፍርግርጉ አሾልኬ ላስርላት ጎንበስ ስል አዲሱ ጠባቂ መጥቶ “ይቅርታ አባት፣ እዚህ መቆም አይፈቀድም” አለኝ፤ በትሕትና። ልክ ነው፤ አጥር ሥር የሚያንዣብብ የማላውቀው ሰው ባይ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ክሩን እንደተፈታ ትቼው ሄድኩ።

አቅቶኛል፣ ክቡር ሆይ። ሌላ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ውሃ ሲያንቅ በምን ይውጧል? ከእርስዎ በላይ ያለው አቤቱታ ሰሚ የት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ መልሰው ያመለከቱኝ የእርስዎኑ በር ነው።

የእኔን በር ለሌላ የሰጠ አምላክ የእርስዎን ደግሞ አጥብቆ ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ነገር እንዳላበዛ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው እጄ እጅ የምነሳዎ፤

አለመታጠቁ ገና ያልተጣራለት አመልካችዎ

ማሳሰቢያ፦ የራስዎ ግቢ በር ጠባቂም ፈቃድ ስለሌለው ከእኛው ጋር ውስጥ ተሰልፏል። ጠዋት ጠዋት “አባባ፣ ተራዬ እስኪደርስ በሩን ያዙልኝ” ብሎኝ ይገባል፤ ተራው ደርሶ አያውቅም። ትናንት ለመኪናዎ በሩን የከፈትኩልዎ እኔ ነበርኩ። መስታወቱን ዝቅ አድርገው “ጎበዝ! እንዲህ ወገቡን ታጥቆ የሚሠራ ሰው ነው ያጣነው” አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እባክዎ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይህንን ቃል የትም እንዳይጽፉት።